የእኔ እርሳስና የእሱ እርሳስ

ድሬዳዋ ላይ ሰው ሲንገዳገድ ከታየ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው። ነገሩ ከቀትር በፊት ከሆነ «ማታ ጠጥቶ አድሮ ነው» ይባላል። ከቀትር በኋላ ከሆነ «መርቅኖ ነው» ይባላል። ሦስተኛ ፍርድ የለም፤ ይግባኝም የለም። ስለዚህ የሰፈራችን ባለባትሪ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መሄድ በጀመረ ጊዜ የተጨነቀለት ሰው ጥቂት ነበር። ፈራጁ ግን ብዙ ነበር።

ባለባትሪ የምለው ባትሪ ጠጋኙን ጎረቤቴን ነው። ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን «እሱን ተወው» ብሎኛል፣ ትቼዋለሁ። ዕድሜው ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ሆኖም ድሬ አንቱታ አትወድም፤ እኔም አንተ እለዋለሁ፣ እሱም «መምህር» ካለኝ በኋላ አንተ ይለኛል። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ድሬዳዋ እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ የተወለደች፣ በመፍቻና በመዶሻ ድምፅ ያደገች ከተማ ናት። ከሐዲዱ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ጋራዥ ገቡ። እሱም በአሥራ ስምንት ዓመቱ ባትሪ መጠገን ጀመረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሰውየው መጠጥ አይቀምስም። ጁምዓ አያመልጠውም። በልጁ ሠርግ ላይ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ እንግዶች ተብሎ የገባውን ቢራ እንኳ ያየው ከሩቅ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ጠርጥሬዋለሁ። እንዲያውም የእኔ ጥርጣሬ ከሰፈሩ የባሰ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በአረማመዱ ላይ ተመሥርቼ አንድ ሙሉ ገጸ ባሕርይ ቀረጽኩለት፤ ቀን ቀን ሰላቱን የሚሰግድ፣ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ የሚጠጣ፣ በውስጡ የተሰበረ ሰው። ለልብ ወለድ ጥሩ ገጸ ባሕርይ ነበር። ችግሩ፣ ሰውየው ልብ ወለድ አልነበረም።

አንድ ማታ፣ በግንቦት ሙቀት፣ እንደ ድሬ ልማድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስናወራ አመሸን። ባለባትሪው «በሉ ደህና እደሩ» ብሎ ተነሳ። ከእኔ በር እስከ እሱ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አሥረኛው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራቱ መጥፋቱ አልደነቀንም፤ ቀጥሎ የሰማነው ግን የሚወድቅ ሰው ድምፅ ነበር። የስልኬን መብራት አብርቼ ስደርስ ጠጠሩ ላይ በጉልበቱና በሁለት እጁ ተንበርክኮ አገኘሁት። አልተሰናከለም፤ መሬቱ ሜዳ ነው። አንስቼ ሳቆመው እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ መሬቱ ሸሸኝ።»

ያን ማታ ቤቱ አስገብቼው ሻማ ለኩሰን ተቀመጥንና የደበቀውን ሁሉ ነገረኝ። በብርሃን ደህና ነው። ለሰላት ውዱእ ሲያደርግ ፊቱን ለመታጠብ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ግን ወደ ፊት ይደፋል፤ ስለዚህ በአንድ እጁ በርሜሉን ይዞ በአንድ እጁ መታጠብ ለምዷል። መስጊድ ውስጥ ሰልፉ መሐል መቆም ትቶ ከግድግዳው ጥግ መስገድ ጀምሯል። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ሚስቱን ይቀሰቅሳል። «ዓይኔን ከጨፈንኩ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም» አለኝ። ከእግሩ ይልቅ ያመመው ግን ሌላ ነገር ነበር። «ሰው ምን እንደሚለኝ እሰማለሁ። ወላሂ መምህር፣ ከመውደቁ ይልቅ እሱ ነው የሚጥለኝ።»

ምን ልበለው? ከሚሉት ሰዎች አንዱ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሄዷል። ስኳሩን ለክተውታል፤ ደህና ነው። ግፊቱንም ለክተውታል፤ ደህና ነው። ትጠጣለህ? ታጨሳለህ? ጫት ትቅማለህ? ብለው ጠይቀውታል። ቫይታሚን ታዞለት ተመልሷል። «ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀህስ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «አቦ መምህር፣ ሐኪም በእኔ ሥራ ምን ያደርጋል? መኪናው አልነሳ ካላለው በቀር!»

በነጋታው ሱቁ ሄድኩ። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቻለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ስፋቱ ሦስት እርምጃ በአራት ነው። ግድግዳው ግማሽ ድረስ ጠቁሯል። ባለባትሪው የሞተውን ባትሪ ክዳን በጋለ ቢላ ይከፍታል፤ ውስጡ ያሉትን ፕሌቶች አውጥቶ ያራግፋል፣ የተበላሸውን ይለያል፣ ደህናውን ያጥባል። ፖሉ የተበላ እንደሆነ አሮጌ ቁርጥራጭ በመጥበሻ አቅልጦ አዲስ ያፈሳል። ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ የት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ወደ ላይ ጠቆመኝ። ወደ ላይ ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ላይ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ብናኝ አለ፤ ረዳቱ የእህቱ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ በደረቅ መጥረጊያ ይጠርገዋል። ምሳ እዚያው ይበላል። ቱታው ማታ ቤት ሄዶ ከልጆች ልብስ ጋር ይታጠባል።

«ይሄ የምታቀልጠው ምንድን ነው?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«ፖል ነዋ። ፕሌት።»

እርሳስ አላለውም። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

አማርኛችን ለሁለት ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የያዝኩት እርሳስ ይባላል። የተማሪዎቼን ወረቀት ያረምኩት በእርሳስ ነው። ሳስብ ጫፉን መንከስ ልማዴ ነው፤ ስንቱን እርሳስ እንደበላሁ እግዚአብሔር ይወቀው፣ ምንም አልሆንኩም። ምክንያቱም በእኔ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ያለው ግራፋይት ነው፣ የከሰል የቅርብ ዘመድ። ፈረንጆቹ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ሲያገኙት የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር፤ የስሙ ስህተት ዓለምን ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። እንግዲህ በእኔ እጅ ስሙ አለ፣ ብረቱ የለም። በእሱ እጅ ብረቱ አለ፣ ስሙ የለም። እኔ በምንም የማይጎዳኝን ነገር «እርሳስ» እያልኩ ስጠራ ኖርኩ። እሱ የሚጎዳውን «ፖል» እያለ ሲያቀልጥ ኖረ።

ብረቱ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ የታወቀ ነው። ትንፋሽና ምግብን ተከትሎ ይገባል። ሰውነታችን ካልሲየም መስሎት ይቀበለዋል፤ እንደ ተንኮለኛ እንግዳ በዘመድ ስም በር ያስከፍታል። ደም ውስጥ የገባው በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ግን አሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል፣ እየቆየም ወደ ደም ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም ይላል። ደም ያሳንሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የሕፃናትን አእምሮ ያደክማል። እኔን በዚህ ጉዳይ የያዘኝ ግን አንዱ ነው፤ የሰውን ሚዛን ይነካል።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሦስት ምስክሮች ቃል ነው። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው በውስጥ ጆሯችን ያለው የሚዛን አካል ነው። ሦስተኛው ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያ እየተነሳ በነርቭ ወደ ላይ የሚሄደው ስሜት ነው። አንጎል የሦስቱን ቃል ሰምቶ «ቀጥ ብለሃል» ወይም «አዘንብለሃል» ብሎ ይፈርዳል። ታዲያ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢደክሙ ሰውየው ወዲያው አይወድቅም። ዓይን የሌሎቹን ድርሻ ይሸፍናል። አንድ ምስክር ብቻውን እየማለ ሦስቱም የቀረቡ ይመስላል። ሐሰቱ የሚገለጠው ዓይን ሲጨፈን ነው። ሮምበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረው ምርመራ ይኸው ነው፤ እግርህን ግጠም፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ቁም። መሣሪያ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም። ጎረቤቴን በዚያ ማታ የመረመረው የጠፋው መብራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰውን በሰሌዳ ላይ አቁሞ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በረቂቅ የሚለካ መሣሪያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲንጋፖር ውስጥ ከእርሳስ ጋር የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ተለክተው፣ በተለይ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ ከሌላው ሰው ይበልጥ ሲወዛወዙ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሚዛን መነካት የሚጀምረው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 14 ማይክሮግራም ያህል እርሳስ ሲገኝ መሆኑን ገመቱ። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሰውየው በዚህ መጠን አይንገዳገድም፤ ራሱም አያውቀው። ሰሌዳው ግን ያውቀዋል።

የእኛስ አገር ሰዎች? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በትራንስፖርት ድርጅቶች የባትሪ ጥገና ክፍል የሚሠሩ ሰዎችን ደም መርምሮ እርሳሱ ከሌሎች ሰዎች በጣም የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የጅማ ጥናት የጋራዥ ሠራተኞችን ተመለከተ። የተመረመሩት ሁሉ ከ10 በላይ ሆነው ተገኙ፤ ከመቶ 47ቱ ደግሞ ከ20 በላይ። በሥራው ላይ የቆየው ከአዲሱ ይበልጥ ነበር፤ ከፍተኛ መጠን ከተገኘባቸው መካከል ብዙዎቹ መኪና ቀቢዎች ነበሩ። ሃያን ከአሥራ አራት ጋር ማስተያየቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። እግር የነበረው ሰውም ቀስ በቀስ እንቁላል ይሆናል ብሎ የተረተ ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጎረቤቴን የጣለው እርሳስ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ዕድሜ አለ፣ ጆሮ አለ፣ ነርቭ በብዙ ነገር ይታመማል። የደሙን እርሳስ የለካለት የለም። ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ለመጠጡ ማስረጃ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለጫቱም አልነበረም። እርሳስ ስንል ብቻ ነው ሁላችንም በድንገት ጠንቃቃ ዳኞች የምንሆነው። የሰውን ጠባይ ለመክሰስ ወሬ ይበቃናል፤ የሥራውን ቦታ ለመክሰስ ግን ላቦራቶሪ እንጠይቃለን። ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ይህን ለአንድ የድሮ ባልደረባዬ ሳጫውተው «ወዶ የገባበት ሥራ ነው፤ ማን አስገደደው?» አለኝ። ቀላል ክርክር አይደለም። ነፃ ሰው የራሱን አደጋ የመምረጥ መብት አለው፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሌሊት የሚነዳው ሾፌርም መርጦ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ገደሉን ያየዋል። ባለባትሪው ገደሉ የት አለው? በጎረቤቴ ላይ የሆነው ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሊያስጠነቅቀው ይገባ የነበረው አካል ራሱ ነው ቀድሞ የሚደክመው። ሚዛኑ ሲጎድል ዓይኑ ሞላለት፣ ስለዚህ መጉደሉን አላወቀም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት በሽተኛውን ደባቂ ያደርገዋል። እዚህ ግን ደባቂው በሽታው ነው፤ የተደበቀበት ሰውዬው ነው። ያልታየን ነገር ወደድኩ ማለት ይቻላል?

ዲክንስን ሳስተምር አንድ ጽሑፉ ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የጻፈው ነው፤ በምሥራቅ ለንደን የድሆችን ቤት እየዞረ ሲጎበኝ በነጭ እርሳስ ፋብሪካ ውላ የተመረዘች ሴት ተኝታ ያገኛል። እነዚያ ሴቶች የሚሠሩት ነገር እንደሚመርዝ ያውቁ ነበር። ከመካከላቸው የሚጎዳ አለ፣ የሚተርፍ አለ፤ ዕጣቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ምክንያቱም ሌላው ምርጫ ረሃብ ነው። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውንም አይበቃም ማለት ነው። ፈቃድም እንደ ሰው በሁለት እግሩ ነው የሚቆመው፤ አንዱ እግሩ ማወቅ፣ ሁለተኛው እግሩ አማራጭ። የለንደኖቹ ሴቶች ሁለተኛው እግር አልነበራቸውም። የእኛ ባለባትሪ አንደኛውም አልነበረውም። በአንድ እግሩ የቆመውን፣ አልፎም ያለ እግር የተንሳፈፈውን «ወዶ ነው» ማለት ፍልስፍና አይደለም፤ እጅ መታጠብ ነው።

እጅ ስለ መታጠብ ካነሳን አንድ ሰው አለ። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ቢጨመር ሞተር እንደማያንኳኳ እ.ኤ.አ. በ1921 ያገኘው አሜሪካዊው ቶማስ ሚጅሊ ነው። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ያንን ድብልቅ ሲሠሩ የነበሩ ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ አምስቱ ሞቱ። ሚጅሊ በዚያው ሰሞን ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ በፈሳሹ እጁን ታጠበበት፣ አሸተተውም፤ ምንም አያደርግም ለማለት። ከዚያ በፊት እሱ ራሱ በእርሳስ ታምሞ ከሥራ ርቆ ዕረፍት ወስዶ ነበር። ያወቀው ሰው ዕረፍት ሄደ፤ ያላወቁት ሞቱ። ያ ቤንዚን ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ነው፤ ከዓለም ሙሉ በሙሉ የጠፋው ደግሞ በ2021፣ መጨረሻ ላይ አልጄሪያ ስታቆም። መቶ ዓመት ማለት ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የተናገረው ባለባትሪው ራሱ ነው። ያነበብኩትን ሁሉ አስረዳሁት፤ በትዕግሥት ሰማኝና «እርሳሱ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው አልክ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩ። «ረሃብ አይዘገይም፣ መምህር።»

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው የተጠየቀው የተሳሳተ ጥያቄ መሆኑን አየሁ። «እንጀራ ወይስ እርሳስ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ከድሮም የታወቀ ነው፤ እንጀራ ያሸንፋል። ግን ማን ነው ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው? ማቅለጫውን ከቆርቆሮው ሥር አውጥቶ ነፋስ ባለበት ማቅለጥ፣ ወለሉን በውኃ አርሶ መጥረግ፣ ምሳን ሌላ ቦታ መብላት፣ ከመብላት በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ቱታውን ሱቅ ትቶ መሄድ። ይህ ሁሉ እርሳሱን አያጠፋውም፤ ወደ አፍና ወደ ቤት የሚገባውን ግን ይቀንሰዋል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ያገለገለ ባትሪ ዋጋ አይበልጥም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያልተደረገው ውድ ስለሆነ አይደለም። የነገረው ስለሌለ ነው።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ፣ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። መልካም ሕጎች ናቸው። ታዲያ ባለባትሪው አዋጁን ይዞ ማን ዘንድ ይሂድ? አሠሪው እሱ ነው፤ ሠራተኛውም እሱ ነው። ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ «የአፍ መሸፈኛ አላቀረብክልኝም» ብሎ ራሱን ይክሰስ? በድሬም ሆነ በሌላው ከተማ በየመንገዱ ዳር የሚበይደው፣ የሚቀባው፣ የሚያቀልጠው ሰው አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሕጉ በር ላይ ያንኳኳል፣ እሱ ግን የሚኖረው በር በሌለው ቤት ነው።

በሩ ያለው እኛ ዘንድ ይመስለኛል። «እኛ» ስል ከራሴ ልጀምር። አሮጌ መኪና አለችኝ። ባትሪዋን ሦስት ጊዜ ያስጠገንኩት እዚያች ጥቁር ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ከመግዛት በጣም ይረክሳል፤ ስከራከር ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል፣ እኔም ተከራክሬያለሁ። በኪሴ የቀረውን ብር እንደ ብልህነቴ ቆጥሬው ነበር። አሁን ግን እጠይቃለሁ፤ ያን ልዩነት ማን ከፈለው? የሆነ ሰው ከፍሎታል። በእግሩ ከፍሎት እንደሆነስ? በዓለም ላይ ከሚመረተው እርሳስ አብዛኛው የሚሄደው ለባትሪ ነው፤ እኔም በየጠዋቱ ቁልፍ ሳዞር ሞተሬ በእሱ ይነሳል። ስለዚህ ነገሩ የባለባትሪውና የእርሳስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔም ሚዛኑ ላይ ነኝ፤ ያለሁት ደግሞ በከበደው ጎን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ግን አንድ ጥሩ መልስ እ.ኤ.አ. በ1700 ተሰጥቷል። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሸክላውን በእርሳስ የሚያብለጨልጩ ሸክላ ሠሪዎች እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነታቸው እንደሚሽመደመድ ያስተዋለ ሰው ነው። ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ በሽተኛን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምሩ መከረ፤ «ሥራህ ምንድን ነው?»

ሦስት መቶ ዓመት አለፈ። ጎረቤቴን ግን ስለ መጠጡ ጠየቁት፣ ስለ ጫቱ ጠየቁት። እነዚህ ጥያቄዎች ክፉ አይደሉም። ሁሉም ግን «አንተ በራስህ ላይ ምን አደረግህ?» የሚሉ ናቸው። የራማዚኒ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ለእኛ ስትል ምን ነካህ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየውን ብቻውን ያስቀረዋል። ሁለተኛው ጠያቂውንም አብሮ ያስገባል። ምናልባት ሳንጠይቅ የምንኖረው ለዚህ ይሆናል። ሐኪም ብቻ ሳይሆን መምህርም፣ ጎረቤትም፣ ደንበኛም በሰው ላይ ከመፍረዱ በፊት ይህችን ጥያቄ ቢያስቀድም ብዙ ፍርድ ከአፋችን ባልወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ከእኔ አፍ።

አሁን ባለባትሪው ማቅለጫውን ወደ ደጅ አውጥቷል። ቱታው ሱቅ ያድራል። ደሙን አዲስ አበባ ወስዶ ለማስመርመር ልጆቹ ተነጋግረዋል። በሰፈር እኔ እየዞርኩ «ሰውየው አይጠጣም» ማለት ጀምሬ ነበር፤ አንዱ ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀና «እና ጫቱ ነዋ» አለኝ። ወሬም እንደ እርሳስ ነው፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ በራፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ረዳቱ ልጅ ሥራውን ትቶ ተነሳ። በዚያ ጠይም ግራጫ እጁ ሳምቡሳ አነሳና ወደ አፉ አቀረበ። አጎቱ ከውስጥ አየው። አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ሚዛኑን ጠብቆ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ሠላሳ ምናምን ዓመት ማንም ለእሱ ያላለውን ቃል ጮኾ ተናገረ፦

«ታጠብ!»